ባለጉዳይ ያልሆንኩበት ሩጫ

ወልዲያ ላይ በተደረገው የዞኑ ተማሪዎች ውድድር ስምንት መቶ ሜትር ሮጬ አንደኛ ወጣሁ። ወደ ክልል የምታልፈው አንዷ ብቻ ስለሆነች ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ላቤን ሳልጠርግ የመስመር ዳኛው መጥቶ «ተሰርዘሻል፤ ያለ ቦታው ከመስመርሽ ወጥተሻል» አለኝ። ወላሂ አልወጣሁም! የወጣችው ከጎኔ የነበረችው የሌላ ወረዳ ልጅ ናት፤ የሁለታችንም ማሊያ አረንጓዴ ነው።

«ለቡድን መሪሽ ንገሪ» አለኝ። ደንቡ አቤቱታ የሚቀበለው ከቡድን መሪ ብቻ ነው፤ ያውም ውጤቱ በድምፅ ማጉያ ሳይነገር።

የእኛ ቡድን መሪ ጥላ ስር ሆኖ ከመርሳዋ ልጅ ጋር ፎቶ ይነሳል። እሷ ሁለተኛ ወጥታ ነበር፤ እኔ ስሰረዝ አንደኛ ሆነች። እኔ የግራና ልጅ ነኝ፤ መርሳም ግራናም ሀብሩ ወረዳ ነው።

«ምን አስጨነቀሽ? ወረዳችን አልፏል እኮ!» አለኝ ሄጄ ስነግረው።

የተበደልኩት እኔ፣ መናገር የሚችለው ምንም ያልጎደለበት እሱ! ስለምነው ውጤቱ ሊነገር ማጉያው መንኳኳት ጀመረ።

ይኼኔ ከገመዱ ወዲያ የቆመው አባቴ «በሕግ አምላክ!» ብሎ ጮኸ። በሕግ አምላክ ከተባለ እንኳን ሰው ወራጅ ውሃ ይቆማል ይባላል፤ ሜዳው እውነትም ጸጥ አለ። ዋና ዳኛው መጥቶ ሰማን፤ የመስመር ዳኛውንም አስጠርቶ ጠየቀው። ሰውየው እኔንና ከጎኔ የነበረችውን የሌላ ወረዳ ልጅ ደጋግሞ አየና «ተሳስቻለሁ» አለ።

አባቴ «አልሐምዱሊላህ» አለ። እኔም ያለቀልኝ መሰለኝ።

ዋና ዳኛው ግን ወደ ቡድን መሪያችን ዞሮ «አቤቱታ አለዎት?» ሲል ጠየቀው።

«ሁለቱም ልጆቼ ናቸው። በአንዷ ላይ አቤት አልልም።»

ዋና ዳኛው አንገቱን ደፋ። «አባቴ፣ እውነቱ ከልጅዎ ጋር ነው። ግን በደንቡ እሷም እርስዎም ባለጉዳይ አይደላችሁም።»

«ባለጉዳዩ ማነው ጌታው?»

«ወረዳው ነው።»

«እንግዲያው ወረዳውን ይጥሩልኝ፤ መጥቶ ይሩጥ!»

ሕዝቡ ሳቀ። ዋና ዳኛው አልሳቀም፤ ማጉያውን ተቀብሎ የመርሳዋን ልጅ ስም ጠራ።