በእኔና በባለቤቴ መካከል የተነጠፈው አጎዛ

ይህ የደረሰብኝ ጣሊያን አዲስ አበባን በያዘ በሦስተኛው ዓመት፣ ልደታ ሰፈር ነው። እስከ ዛሬ ከልቤ ያልወጣው ስለ ሁለት ነገር ነው። በገዛ እግሬ ሄጄ ሆዴን ለጣሊያን ቢላዋ ልሰጥ ተቃርቤ ነበር። ከዚያ ያዳነኝን ነገር ሳስበው ደግሞ ቅዳሴ መካከል እንኳ ሳቅ ያመልጠኛል። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

አገሬ ጎጃም፣ ደብረ ማርቆስ ነው። ባለቤቴ ደምሴ የሰንጋ ነጋዴ ነበር። ከብት ሊገዛ አገራችን ሲመላለስ ከአባቴ ጋር ተዋወቀ፤ ሽማግሌ ልኮ፣ በሥርዓት አግብቶ አዲስ አበባ አመጣኝ። ብዙም ሳልቆይ ጣሊያን ገባ፤ መንገዱም ተዘጋ። የይለፍ ወረቀት የሌለው ሰው ከከተማው ኬላ አያልፍም፤ ወረቀቱን የያዘውም ቢሆን ዓባይን ሳይሻገር ምን እንደሚያገኘው አያውቅም። እናቴ በሕይወት ትኑር አትኑር ሳላውቅ ነበር የምኖረው።

የምንኖርበት ቤት የአማቴ የወይዘሮ ድንቅነሽ ነው። እማማ እላቸዋለሁ። ጿሚ፣ አስቀዳሽ፣ ማኅበር ጠጪ ነበሩ። ከተጋባን ዓመት ሳይሞላን ዓይናቸው ሆዴ ላይ ማረፍ ጀመረ። በየጠዋቱ መቀነቴን ስታጠቅ ያዩኝና ረጅም ትንፋሽ ይተነፍሳሉ።

«ሐና እንኳ በስተርጅናዋ ወልዳለች፤ አንቺ ምን ሆነሽ ነው?» ይሉኝ ነበር።

ሐናን የሚጠሩት የሰፈራችን ደብር ልደታ ማርያም ስለሆነች ነው። እመቤታችን መካን ከነበሩት ከሐናና ከኢያቄም የተወለደችበት በዓል የሚከበርባት ናት። ስለዚህ ሰፈሩ ውስጥ መካን መባል እጥፍ ያሳፍራል፤ ደጇ ላይ ተቀምጦ አለመውለድ ንቀት ይመስላቸዋል።

ሕክምናዬ በጠበል ተጀመረ። ጠበልን የሚያህል መድኃኒት የለም፤ በዚህ ዛሬም ቃሌን አላጥፍም። ጠበል የያዘ ሰው ከመኝታ ይርቃል፤ ሥርዓት ነው፤ ራቅን። ሱባዔው ሲያልቅ እማማ «ትንሽ ጨምሪበት» አሉ፤ ጨመርኩ።

ቀጥሎ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ የሚኖሩ አንድ መሪጌታ ተገኙ። ስሜንና የእናቴን ስም ጠየቁ፤ ኮከቤን ቆጠሩ፤ ከዚያ ሾተላይ ይዞሻል አሉኝ። ሾተላይ የተፀነሰውን ሲያጠፋ ነበር የምሰማው፤ የእኔው ገና ሳይፀነስ ቀድሞ ደርሷል ማለት ነው። መሪጌታው ክታብ ጽፈው አንገቴ ላይ አሰሩልኝ።

«ይህ አንገትሽ ላይ እስካለ ድረስ ባል አይንካሽ፤ ይረክሳል» አሉ።

«እስከ መቼ ነው የማስረው?»

«እስክትፀንሺ።»

እሳቸውም ሲናገሩት አልደነገጡ፤ እኔም ስሰማው አልደነገጥኩ። እማማ አጠገቤ ተቀምጠው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። እጅ ነስተን ወጣን።

ከዚያ ደግሞ ከሰንጋ ተራ ወዲህ የምትኖር መድኃኒት አዋቂ ሥር ወቅጣ በማር ለውሳ አጠጣችኝ። አስታወከኝ፤ አስቀመጠኝ፤ ነፍሴ ልትወጣ ደረሰች። «ቆሻሻው እየወጣ ነው» አለች ሴትዮዋ። በዚያም ጊዜ ባል እንዳይጠጋኝ አዘዘች። ያን ጊዜስ ባታዝም የሚጠጋኝ አልነበረም።

በዚህ ሁሉ ላይ፣ ከሙሽርነታችን ጀምሮ፣ ረቡዕና ዓርብ አለ። ለእሑድ ቅዳሴ ስንል የቅዳሜ ማታ አለ። ልደታ፣ ሚካኤል፣ ገብርኤል፣ ማርያም፣ መድኃኔ ዓለም በየወሩ አሉ፤ እማማ ያልያዙት በዓል ያለ አይመስለኝም። ዐቢይ ጾም፣ ሐዋርያት፣ ፍልሰታ፣ ነቢያት አሉ። ከዚህ ሁሉ አምልጣ የተረፈችውን ቀን ደግሞ ባለቤቴ የይለፍ ወረቀቱን ይዞ ከብት ፍለጋ ቅርብ ወዳለው ገጠር ይወጣባታል።

እማማ ሥርዓቱ እንዳይፈርስ ስለሰጉ አጎዛቸውን ከጓዳ አምጥተው በእኔ አልጋና ባለቤቴ በሚተኛበት መደብ መካከል አነጠፉት። «ሰይጣን አይተኛም» አሉ። እሳቸውም አይተኙም ነበር። ባለቤቴ ውሃ ሊጠጣ ቢነሣ ድምፃቸው ከወለሉ ይመጣል።

«ደምሴ፣ ወዴት ነው?»

«ውሃ ጠምቶኝ ነው እማዬ።»

«እንስራው በዚያ በኩል ነው።»

ባለቤቴ ኮርማን ከላም መለየት የነጋዴ ሥራው ነው። የትኛዋ ላም ለምን እንዳልያዘች ገበያ መካከል ቆሞ ሲተነትን ሰው ይሰበሰብለት ነበር። ቤቱ ሲገባ ግን ውሃውን ጠጥቶ መደቡ ላይ ይመለሳል። እኔም ልጅ ከምን እንደሚገኝ የማላውቅ ሰው አልነበርኩም። ግን ይህን ያህል የተጸለየበትና የተደከመበት ነገር አንድ ቀን ብቻውን የሚሰምር ይመስለኝ ነበር።

ነገሩ የከፋው በዚያ ዓመት ዐቢይ ጾም ሲገባ ነው። እማማ ጠርተው አስቀመጡኝ።

«እስከ ግንቦት ልደታ ካልሆነልሽ ልጄ ደምሴ ዘር ሳይተካ አይቀርም፤ ሌላ ያገባል። ወደ አገርሽ ትሄጃለሽ» አሉኝ።

«በየት በኩል እማማ?»

«በመጣሽበት።»

በእኔ ቦታ የምትገባው ልጅ ተመርጣ እንደ ነበር በኋላ ሰማሁ። ባለቤቴን ብጠይቀው መሬት መሬት አየ። «እናቴን ታውቂያቸዋለሽ» አለኝ። ማወቁንማ አውቃቸዋለሁ። ያላወቅሁት እሱን ነው።

ልቤ የቀረችውን አማራጭ ይዞ ተነሣ፤ ጎረቤቶች የጣሊያን ሐኪም መካን ያስወልዳል ይሉ ነበር። ጣሊያን የነካውን ዳቦ አልቀምስም የሚሉት እማማ እኔን እንዲነካኝ ፈቀዱ። ራሳቸው ይዘውኝ ሄዱ።

ሐኪሙ ቀይ፣ ላብ በላብ የሆነ ሰው ነው። ምላሴን አየ፤ ሆዴን ተጫነኝ። አስተርጓሚው ከአስመራ የመጣ ጨዋ ሰው ነበር። ሐኪሙ አንድ ነገር ጠየቀውና የሰውየው ጆሮ ቀላ። እማማን አየት አደረጋቸው። ከዚያ ዓይኑን ግድግዳው ላይ ተክሎ «ከባልሽ ጋር ሰላም ናችሁ ወይ ይልሻል» አለኝ።

«ተመስገን፣ ተጣልተን አናውቅም» አልኩ።

ሐኪሙ ሰምቶ ራሱን ነቀነቀ። «ባልየውስ ጤነኛ ነው?» ሲልም እማማ ቀድመውኝ «ልጄማ ምን ይሆናል» አሉ፤ በዚሁ ባለቤቴ ተመርምሮ አለቀ። ውሳኔው ሆዴ ተቀዶ ውስጡ ይታይ የሚል ሆነ። ከፋሲካ በኋላ ቀጠሮ ተሰጠኝ።

እማማ በሰው ሆድ ደፋር ነበሩ። «ምን አለበት፣ ይሰፉሻል» ይሉኝ ጀመር። እኔ ግን እህል አልወርድልሽ አለኝ። ብቀደድ እሞታለሁ። ባልቀደድ እባረራለሁ፤ የምባረርበት አገር ደግሞ በጦርነት ታጥሯል። ቢላዋው ይሻላል አልኩ። መሞቴ ካልቀረ ንስሐ ገብቼ ልሙት ብዬ ከሆሣዕና በፊት ወደ ነፍስ አባታችን ወደ አባ ክንፈ ሄድኩ። ልደታ ግቢ ውስጥ ጥድ ሥር ተቀምጠው ዳዊት ይደግማሉ።

«ጾም ሽረሻል?» አሉኝ።

«አልሻርኩም አባ።»

«በጾም ከባልሽ ጋር ተገናኝተሻል?»

«ኧረ በጾምም ያለ ጾምም አልተገናኘሁም» አልኩ። ቢያንስ በዚህ እንኳ ልመሰገን ብዬ ጠበሉን፣ ክታቡን፣ ሥሩን፣ የእማማን አጎዛ አንድም ሳላስቀር ነገርኳቸው። አባ ዳዊታቸውን ከደኑት።

«ጥቅምት ላይስ?»

«ክታብ ላይ ነበርኩ።»

«ኅዳር?»

«መድኃኒቱን ጠጥቼ ሳይለቀኝ ጾመ ነቢያት ገባ።»

«ጥር ላይ ጾም የለም።»

«እንደገና ጠበል ገብቼ ነበር አባ። እርስዎ ነዎት ያዘዙኝ።»

«እንግዲያ መቼ ነው?» አሉ።

«ምኑ አባ?»

ጋቢያቸውን አፋቸው ላይ ሳቡና ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ለኃጢአቴ እያለቀሱ መሰለኝና እኔም ማልቀስ ጀመርኩ። ቀና ሲሉ ዓይናቸው እንባ ሞልቷል፤ ግን የልቅሶ አልነበረም።

«ልጄ፣ ሐናና ኢያቄም ጸለዩ፤ ተሳሉ፤ ከዚያ ወደ ቤታቸው ገቡ። አንቺ ጸለይሽ፤ ተሳልሽ፤ ቤትሽ ግን ገና አልገባሽም። ይህን ሁሉ ያዘዘብሽን ሰው እግዚአብሔር ይቅር ይበለው።»

ግማሹን ያዘዙት እሳቸው ነበሩ። አሜን አልኩ።

ፋሲካ አልፎ በዳግም ትንሣኤ ሰሞን አባ ክንፈ ጠበል ሊረጩ ቤታችን መጡ። ረጭተው ሲያበቁ ወደ እማማ ዞሩ።

«ወይዘሮ ድንቅነሽ፣ ይህች ልጅ ብዙ ደክማለች። እርስዎ ግን ለልጅ ልጅዎ ምን አደረጉ?»

«እኔ አባታችን? እንቅልፍ አጥቼ እኮ ነው የማድረው።»

«ሰምቻለሁ። አሁን የእርስዎ ተራ ነው። እስከ ጰራቅሊጦስ ልደታ ደጅ ይጥኑ፤ ከመነኮሳይቶቹ ጎጆ አንዷን አስለቅቄልዎታለሁ። ከቅጽሩ እንዳይወጡ።»

«ቤቱንስ ማን ይጠብቀዋል?»

«ባለቤቶቹ።»

«የሐኪሙ ቀጠሮስ?»

«ደጅ የሚጠናለት ሰው ላይ ቢላዋ አያርፍም። ከቤትም አይባረርም።»

እንዲህ ያለ ሥርዓት ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ ወዲህ ሰምቼ አላውቅም። ክታቡን ከአንገቴ ፈትተው ይዘው ሄዱ። እማማ ግን ፊታቸው በርቶ ነበር። ሰፈሩ እያየ በነፍስ አባት ተመርጦ ደጅ መጥናት ለእሳቸው ከሹመት አያንስም። በማግስቱ አጎዛቸውን ጠቅልለው ለጎረቤት ሁሉ እየተሰናበቱ ሄዱ።

ስለዚያ ወራት ብዙ አልጽፍም፤ ወጉ አይፈቅድልኝም። በዓለ ሃምሳ ነበር፤ ረቡዕም ዓርብም አይጾምም። ባለቤቴ የመጀመሪያውን ምሽት አጎዛው ይነጠፍበት የነበረውን ቦታ ዞሮ ነው የመጣው፤ እግሩ ለምዶት። እማማ አንድ ሁለት ቀን ሐሳብ ቢገባቸው ብቅ ብለው ሊያዩን ሞክረው ነበር አሉ፤ ግን ሲመሽ ሰዓት እላፊ አለ፤ የወጣ ሰው ይታሰራል። ጣሊያን በአገራችን ላይ ካደረሰው ሁሉ እኔ የተጠቀምኩት ይህን አንዱን ነው።

በየካቲት ወንድ ልጅ ወለድኩ።

ያን ጊዜ የባለውለታው ብዛት። መሪጌታው ክታቤ ሾተላዩን አሰረው ብለው ለእጅ መንሻቸው ሰው ላኩ። መድኃኒት አዋቂዋ ቆሻሻው በመውጣቱ ነው አለች። አስተርጓሚውን ገበያ ሳገኘው ሐኪሙ ሲጫንሽ ተከፍቶ ይሆናል አለኝ። እማማ ግን ለማንም ቦታ አልሰጡም፤ በክርስትናው ድግስ ላይ ደጅ ጥናታቸውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተረኩት። አባ ክንፈ አጠገባቸው ተቀምጠው ጠላቸውን እያዩ ያስላሉ። ንስሐ ላይ የሰሙትን መናገር አይችሉ። እኔም የተጎራረስኩበት ማዕድ ላይ ክፉ አፍ አላወጣም ብዬ ዝም አልኩ።

እስቃለሁ እንጂ ሁልጊዜ አልስቅም። ከእኛ አለፍ ብሎ አስካለ የምትባል ጎረቤት ነበረችኝ። እንደኔ በዓል ያልበዛባት፣ አጎዛ ያልተነጠፈባት፣ ግን ያልወለደች። ሻንጣዋን አስይዘው አስወጧት። ባልዋ ሌላ አገባ፤ ያችም አልወለደች። ሦስተኛ አገባ፤ ያችም እንደዚያው። ሰውየውን ግን አንድ ቀን እንኳ ጠበል ጠጣ ያለው የለም። የእኔ ሳቅ ለእሷ ምንም አይፈይድላትም፤ ይህንንም አውቃለሁ።

ልጄ ዛሬ ጸጉሩ መሸበት ጀምሯል። አያቱ በልጅነቱ ስለነገሩት የተወለደው በእሳቸው ደጅ ጥናት እንደሆነ ያምናል፤ በየግንቦት ልደታ በስማቸው ጃንጥላና ሻማ ይሰጣል። እኔም አብሬው ቆሜ አሜን እላለሁ፤ ነፍሳቸውንም በዕረፍት እንዲያኖርልኝ ከልቤ እለምናለሁ። አላማቸውም፤ የሠሩትን ውለታም አልክድም። ልጄ እንዲወለድ እማማ አንድ ትልቅ ነገር አድርገዋል፤ ከቤት ወጥተዋል።