ወደ ኋላ የሄደው ፊልም

ሣጥኑን ስከፍት የብል መድኃኒት ሽታ ይቀድመኛል። ከሥር አንድ ነጭ አንሶላ አለ፤ መሐሉ በሰማያዊ እራፊ የተጣፈ። እራፊው የወንድሜ አሮጌ የተማሪ ሸሚዝ ነው። ልጆቼ እጠቢው ይሉኛል። አላጥበውም።

አምቦ ሳለን፣ ስምንት ዓመቴ ነበር። ወንድሜ ከገበያ ሲመለስ ታፍሶ ለውትድርና ከተወሰደ ወራት አልፈዋል። ደብዳቤ አልመጣም። እናቴ የጠየቀችበት ቢሮ ሁሉ ይነገርሻል እያለ መለሳት። ስትጸልይ ስሙ ላይ ስትደርስ ድምፅዋ ይቆም ነበር። በሕይወት ይኑር አይኑር ስለማታውቅ፣ ጠብቀው ትበል፣ ሌላ ነገር ትበል፣ አታውቅም።

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ቀበሌው ፊልም ሊያሳይ ከየቤቱ ሰው ጠራ። አዳራሹ የእኛው ጸሎት ቤት ነበር፤ ከተዘጋ በኋላ ቀበሌው ወስዶታል። አንሶላ አምጡ ተባለ፤ የእኛ ሰፊ ስለነበር ድሮ መስቀሉ በነበረበት ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። መስኮቶቹ በብርድ ልብስ ተሸፈኑ። ውጭ ፀሐይ ነው፣ ውስጥ ጨለማ። እናቴ ያው የድሮ አግዳሚዋ ላይ ተቀመጠች። ማሽኑ መንቀጥቀጥ ሲጀምር የጋለ አቧራ ሸተተኝ።

ፊልሙ ድምፅ አልነበረውም። ምልምል ወታደሮች ተሰልፈው ካሚዮን ላይ ይወጣሉ። ድንገት እራፊው ላይ አንድ ፊት ሰማያዊ ሆነ። ወንድሜ ነበር። ወደ እኛ አየ፤ ዞሮ ካሚዮኑ ላይ ወጣ፤ ካሚዮኑ ሄደ፣ አቧራው ዋጠው።

እናቴ አልጮኸችም። ተነሥታ ማሽኑን ወደሚያንቀሳቅሰው ወጣት ሄደች። ሊቀመንበሩ እንድትቀመጥ ነገራት፤ የሰማችው አልመሰለኝም።

“መልስልኝ” አለችው ወጣቱን።

“እማማ፣ ይኼ እኮ የቆየ ነው። የት እንደተነሣም አላውቅ።”

“መልስልኝ፣ ልጄ።”

ወጣቱ ሊቀመንበሩን አየት አደረገና ማሽኑን ወደ ኋላ አዞረው። አቧራው ተሰብስቦ መሬት ገባ። ካሚዮኑ በኋላው መጣ። ወንድሜ በጀርባው ወረደ፤ እግሩ መሬቱን የሚነካ አይመስልም። ከኋላዬ አንድ ሕፃን መሳቅ ሲጀምር አባቱ አፉን ያዘው። ወንድሜ ዞረና አየን።

እናቴ አንሶላው ፊት ደርሳ እጇን ዘርግታ ነበር። ፊቱ ከጨርቁ ለቆ መዳፏ ላይ አረፈ።

“ኮቱ” አለችው፤ ቤት ውስጥ ና የምንለው በኦሮምኛ ነበር። “ና፣ ልጄ።”

ማሽኑ እዚያ ላይ ቆመ። ፊቱ አልተንቀሳቀሰም። እጇም አልተንቀሳቀሰም።

“እማማ፣ እንዲህ ከቆመ ፊልሙ ይቃጠላል” አለ ወጣቱ ቀስ ብሎ፤ መብራቱንም አጠፋው።

ወንድሜ አልመጣም። መርዶም አልመጣም። እናቴ አንሶላውን ስትቀበል ሳታጥበው አጠፈችው። ከዚያ ወዲያ ስትጸልይ ስሙ ላይ ድምፅዋ አልቆመም። “አሳየኸኝ” ትል ነበር፣ “አመሰግንሃለሁ።”

ያኔ አልገባኝም ነበር። ዛሬ እኔም እናት ነኝ። የሰፈራችን ስንት እናት የተወሰደ ልጇን አንዴ እንኳ ሳታይ ቀረች። እኛ ሲሄድም፣ ሲመለስም አየነው። ተመስገን።

አንሶላውን መልሼ ሳስቀምጥ እራፊውን ከላይ አድርጌ አጥፈዋለሁ። ፊቱ እንዳይታፈን።