ምርቃት የበዛባት ልጅ

እግሬ ቤት አይቀመጥም። ድሮ ነጠላና ሻሽ በትከሻዬ አድርጌ መርካቶን እየዞርኩ ስሸጥ ያመጣሁት አመል ነው። ዛሬ የምሸጠው ነገር የለኝም፤ ጉልበቴም ደረጃ ሲያይ ያቃስታል። ቢሆንም ጠዋት ጠዋት ከአማኑኤል ወርጄ የማውቀውን ሰው ሁሉ «እንዴት አደርክ፣ እንዴት አደርሽ» ካላልኩ ቀኑ የነጋ አይመስለኝም። ባለፈው ሰኔ በዚሁ አመሌ የልጅ ልጄን ከፈተና ላስቀራት ትንሽ ነበር የቀረኝ።

ልጅቷ ስምንተኛ ክፍል ነበረች። ሚኒስትሪ የሚሉትን ፈተና ልትወስድ ነው። ፋሲካ ካለፈ ጀምሮ ምግብ ቀነሰች፣ ጥፍሯን እስኪደማ ትበላለች፤ ደብተር ይዛ ስትቀመጥ ትንፋሿ ከላይ ከላይ ነው፣ ሩጫ የጨረሰ ሰው ትመስላለች። እኔ ትምህርት ቤትን የማውቀው ደጃፉን ነው። ፊደል የለየሁትም አርጅቼ፣ ይቺው ልጅ አንደኛ ክፍል ሳለች ደብተሯን ዘርግታ «እቴቴ፣ አሁን አንቺ በዪ» እያለች አስተምራኝ ነው። ፈተና በሰው ላይ ምን እንደሚያደርግ አላውቅም። የማውቀው፣ ከባድ ነገር የሚጠብቀው ሰው እንደሚመረቅ ነው። ልትወልድ የደረሰች ትመረቃለች፣ ሩቅ አገር የሚሄድ ይመረቃል፣ ፍርድ ቤት የሚቆም ይመረቃል። ለተማሪ የማይሠራበት ምን ምክንያት አለ ብዬ ወጣሁ።

ሶማሌ ተራ የመኪና ዕቃ የሚሸጥ አንድ ነጋዴ አለ። ከስልጤ አገር በልጅነቱ ነው የመጣው፤ እኔ ነጠላ እያዞርኩ ስሸጥ እሱ የሰው ሱቅ ይጠርግ ነበር። አሁን የራሱ ሱቅ እስከ ጣሪያው ባሌስትራና የፍሬን ሸራ ነው።

«ልጄ፣ የልጅ ልጄ ልትፈተን ነው፤ ዱዓ አድርግላት» አልኩት።

«ያቺ ቀጭኗ? ኢንሻ አላህ፣ አንደኛ ነው የምትወጣው! ዶክተር ሆና ይሄን የኔን ወገብ ነው የምታክመው፣ እማማ።» እጁን ዘርግቶ መረቃት። ሠራተኞቹም ዕቃቸውን አስቀምጠው አሜን አሉ።

ከእሱ ወደ አንዲት ካልሲ ሻጭ ወዳጄ ሄድኩ። እሷ ደግሞ በእመቤቴ ስም መረቀችልኝና፣ ልጅቷ ካለፈች ለአማኑኤል ጧፍ አገባለሁ ብላ ተሳለች። የቤተ ክርስቲያኑን ደጅ የሚጠኑ አሮጊቶች መረቁ። ሻይ ቤቱ መረቀ። በሳምንት ውስጥ ያልመረቃት ሰው መቅረቱን እጠራጠራለሁ። ቤት ስገባ እግሬ አብጦ ነበር፤ ሆዴ ግን ሞልቷል፣ አንድ ነገር የሠራሁላት መስሎኝ።

ከዚያ ልጅቷ ከትምህርት ቤት ስትመለስ መዘግየት ጀመረች። ስጠይቃት «ቤተ መጻሕፍት ነበርኩ» ትላለች። አመንኳት።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እግሬ ጎጃም በረንዳ አደረሰኝ። እህል ተጭኖባቸው ከሚገፉት ጋሪዎች መሀል ዩኒፎርም አየሁ። አንገቷን ደፍታ ግድግዳ ግድግዳውን የምትሄደው የኛዋ ናት። በዚያ ዞሮ ቤት መግባት ማለት መንገዱን እጥፍ ማድረግ ነው።

«አንቺ! ምን ትሠሪያለሽ እዚህ?»

ክው አለች። «ወደ ቤት እየሄድኩ ነው።»

«በጎጃም በረንዳ?»

አልፋኝ ልትሄድ ስትል መንገዱን ዘጋሁባት።

«በዚያኛው መንገድ ያስቸገረሽ ሰው አለ? ንገሪኝ። አሁኑኑ ሄጄ ልኩን አሳየዋለሁ።»

«ማንም አላስቸገረኝም።»

«ታዲያ ምን ሆነሽ?»

«መረቁኛ፣ እቴቴ!»

ጋሪ ገፊው «እናቴ፣ መንገድ! መንገድ!» እያለ ጮኸብን። ክንዷን ይዤ ወደ አንድ መጋዘን ደጃፍ ገባሁ። እዚያ ቆማ ሁሉንም ዘረገፈችው።

«ባሌስትራ ቤቱ ጋ ስደርስ ‹ዶክተር፣ ስንት ምዕራፍ ቀረሽ?› ይለኛል። ካልሲ ሻጯ ‹ስለት አለብኝ፣ እንዳታሳፍሪኝ› ትላለች። ከማላውቀው ሱቅ ሰው እየወጣ ‹ያቺ ተፈታኟ ነሽ አይደል?› ይለኛል። ብወድቅ ለአንቺና ለእማዬ መንገር እችላለሁ። ለሶማሌ ተራ በሙሉ እንዴት አድርጌ ነው የምነግረው? ደብተሬን ስከፍት የሚታየኝ የሰዎቹ ፊት ነው። አልፈተንም። ለእማዬ ንገሪልኝ፤ አልገባም።»

«አይዞሽ የኔ እናት፣ ታልፊያለሽ።»

«እሱንም አትበይኝ!» አለችና አለቀሰች።

እንባዋን በነጠላዬ ጠረግኩላትና ቀስ እያልን ሄድን። ስንት ዓመት በእግሬ የዞርኩበት ገበያ እንደዚያ ቀን ረዝሞብኝ አያውቅም።

እናቷ ከሥራ ስትገባ ነገርኳት። ጫማዋን ሳታወልቅ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «እማዬ፣ አንቺ እኮ ሬዲዮ ነሽ» አለችኝ። አልተቆጣችም፤ ለመቆጣትም አቅም አልነበራትም። «እንግዲህ አሁን ማን ሊሰበስበው ነው?»

ማን ይሰበስበዋል፣ እኔው ነኛ። በማግስቱ የዞርኩትን መልሼ ዞርኩት።

«አሁንስ አልገባኝም» አለ ባለ ባሌስትራው። «ምርቃቴን ልመልስ ነው የሚሉኝ? ምርቃት ዕቃ ነው እንዴ፣ ተበላሸ ተብሎ የሚመለስ?»

«ምርቃቱን አልመልስልህም፤ እሱ የሷ ነው። አፍህን ብቻ ያዝልኝ። በደጅህ ስታልፍ ዶክተር አትበላት፣ ስንት ቀረሽ አትበላት። እንዲያውም አትያት።»

«ላበረታታት ብዬ እኮ ነው፣ እማማ!» ቅር አለው። የፍሬን ሸራውን ካርቶን ወዲያ ወዲህ ሲያደርግ ቆየ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ሠራተኞቹ እንዳይሰሙት ይመስለኛል፣ «እኔ በዚሁ በስምንተኛ ፈተና ነው የወደቅሁት» አለኝ። «አባቴ ውጤቱ ሳይመጣ በግ ገዝቶ ደጅ አሰረልኝ። ጎረቤቱ ሁሉ በጉን እያየ ‹መቼ ነው የምንበላው?› ይለኛል። ፈተናው ላይ ተቀምጬ የሚታየኝ ያ በግ ነው፣ ወላሂ። ስወድቅ ቤት አልገባሁም፤ መኪና ላይ ተንጠልጥዬ አዲስ አበባ መጣሁ።»

«በጉስ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ! በልተውታላ።» ሳቀ፤ ሳቁ ግን ሩቅ አልሄደም። «በቃ፣ ገብቶኛል እማማ። አላያትም።»

ካልሲ ሻጯ እንደሱ አልቀለለችኝም። «ዘንድሮ ደግሞ ምርቃት የሚያስጠላው ልጅ መጣ?» ብላ መንገደኛውን ሁሉ አሳቀችብኝ። ተለማመጥኳት። ለሻይ ቤቱም፣ ለአሮጊቶቹም አንድ ባንድ ስናገር ዋልኩ። ሳስመርቅ አንድ ሳምንት የፈጀብኝን ለማስተው ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። አንዳንዱም ጨርሶ አልተወም፤ የሰው አፍ በር የለውም።

ቤት ውስጥም አዲስ ነገር ለመድኩ፤ አለመጠየቅን። ልጅቷ ስታጠና አጠገቧ ተቀምጬ ነጭ ሽንኩርት እልጣለሁ፣ ቃል አልተነፍስም። ትንፋሿ ሲፈጥን ካየሁ «ተነሺ፣ ጉልበቴ ታስሯል፣ ደግፊኝ» እላትና ይዣት እወጣለሁ። ስለ ፈተና አናወራም። ስለ ውሻ፣ ስለ ሰው ጫማ፣ ወንበር ስለተጫነበት ጋሪ እናወራለን። እግሯ ሲንቀሳቀስ ሆዷ ይላቀቃል፤ ይህን ያየሁት በዓይኔ ነው። ሲመሽ እኔ ጉልበቴን ቅባት እየቀባሁ አቃስታለሁ፤ እሷ ግን ግማሽ እንጀራ መብላት ጀመረች።

የፈተናው ቀን ጠዋት ቁርሷን አስመለሳት። ዩኒፎርሟን እንደለበሰች መሬት ላይ ተቀምጣ «አልሄድም» አለች። እናቷ አየችኝ። እኔ ደግሞ ለመለመንም ለመቆጣትም ጉልበት አጥቼ ነበር።

«እሺ» አልኳት። «እስከ በሩ ግን አብረን እንሂድ። እዚያ ደርሰሽ እንመለስ ካልሽኝ እንመለሳለን።»

«የምርሽን ነው?»

«የምሬን ነው።»

የምሬን ነበር። በሶማሌ ተራ በኩል ሄድን። ባለ ባሌስትራው ከሩቅ ሲያየን እንደ ሌባ ዘሎ ሱቁ ውስጥ ገባና ጀርባውን ሰጥቶ ዕቃ የሚፈልግ መሰለ።

«ነግረሽዋል፣ አይደል?» አለችኝ።

«ነግሬዋለሁ።»

«ያስቃል» አለች፤ አልሳቀችም እንጂ።

የሚፈተኑት በሌላ ትምህርት ቤት ነበር። በሩ ላይ ፖሊስ እየፈተሸ ያስገባል። ቆመች። እኔም ቆምኩ። ቆይተን ቆይተን ልጆቹ እያለቁ ሲሄዱ፣ እንመለስ ትለኛለች ብዬ ነጠላዬን አስተካከልኩ። እሷ ግን ካርዷን ከኪሷ አውጥታ፣ አንድ ቃል ሳትለኝ፣ ዞር ብላ ሳታየኝ ገባች።

ውጭ የቀረው ወላጅ ብዙ ነው። አንዷ እናት ዳዊት ትደግማለች፣ አንድ አባት በብረቱ በር ቀዳዳ ያያል፣ ሌላዋ ቆማ ታለቅሳለች። እኔም እጸልያለሁ ብዬ ግንቡ ሥር አንድ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ከዚያ በኋላ የማውቀው ነገር የለም። የዚያ ሁሉ ሳምንት ድካም እዚያ ድንጋይ ላይ ጣለኝ።

የነቃሁት ትከሻዬን ሲነቀንቁኝ ነው። ልጅቷ ከፊቴ ቆማ ሆዷን ይዛ ትስቃለች።

«እቴቴ! እናቶቹ በሙሉ በሩ ላይ ተሰብስበው ‹እንዴት ነበር? እንዴት ነበር?› እያሉ ልጆቹን ይይዟቸዋል፤ አንቺ አፍሽን ከፍተሽ ታንኮራፊያለሽ!»

«ውይ ይቅር በይኝ ልጄ፤ ደክሞኝ ነው።»

«ኧረ ጥሩ ነው» አለችና እጄን ይዛ አስነሳችኝ።

ትንሽ እንደሄድን በራሷ ጊዜ «ሒሳቡ ላይ አራት ጥያቄ እንዲሁ በግምት ነው ያጠቆርኩት» አለችኝ። አራት ብዙ ይሁን ጥቂት አላውቅም።

«ራበሽ?»

«በጣም።»

ሁለት ሳንቡሳ በላች፤ የኔንም ግማሽ ጨመርኩላት። ቤት ስንደርስ በሩ ላይ «ነገም እንደዚያ ተኚልኝ፣ እሺ?» አለችኝ።

በማግስቱ እንቅልፍ የት አባቱ ሊመጣ። ድንጋዩ ይቆረቁራል፣ ፀሐዩ ግንቡን እያለፈ ጭንቅላቴ ላይ ወጣ። ስንቴ ተነስቼ ቀዳዳው ጋ ልሄድ አሰብኩ መሰላችሁ። የብረቱ በር ሲንቋቋ ስሰማ ግን ራሴን ግንቡ ላይ አስደግፌ፣ አፌን ትንሽ ከፍቼ፣ ዓይኔን ጨፈንኩ።