ሞቀኝ ያልኩ ዕለት

ከሲቀላ ወደ ሴቻ በሚወጣው ሚኒባስ ሁልጊዜ በግራ በኩል መስኮት ሥር እቀመጣለሁ። በልጅነቴ የኩራዝ እሳት ከግራ ጉንጬ እስከ አንገቴ የተወብኝን ጠባሳ ወደ መስኮቱ ለማዞር ነው። ቦታው ከተያዘ ያው ነው፤ "እህቴ፣ ምን ሆነሽ ነው?" ይመጣል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ መልሻለሁ። አሁን አሁን ዝም አይነቅዝም ብዬ አንገቴን አዞራለሁ።

ቤተ ክርስቲያን ግን መሸሻ የለኝም። እንግዳ አገልጋይ መጥቶ "የታመማችሁ ወደ ፊት ኑ" ባለ ቁጥር አጠገቤ ያሉት እናቶች በክርናቸው ይጎሽሙኛል። "ተነሺ እንጂ የኔ ልጅ!" ኧረ እኔ አልታመምኩም! ራሴን እንኳ አሞኝ አያውቅም። ግን ወደውኝ ነው የሚገፉኝ፤ የሚወድን ሰው እንዴት ብለው ይቆጡታል? ይሉኝታ ይዞኝ እወጣለሁ።

ባለፈው እሑድም ወጣሁ። አገልጋዩ እጁን ጉንጬ ላይ ጭኖ ጮኾ ጸለየና ማይኩን አፌ ሥር ደቀነው። "ምን ተሰማሽ?"

ምንም ካልኩ ጸሎቱ እንደ አዲስ ይጀመራል። ስንቴ አይቼዋለሁ! "ሞቀኝ" አልኩ። ሞቀኝ ካሉ ፈውሱ ጀምሯል ማለት ነው፤ ሕዝቡ እልል ይላል፣ እኔም ወደ ቦታዬ እመለሳለሁ። ሁሌም የማደርገው ይህንኑ ነው። የዘነጋሁት የስምንት ዓመት ልጄ ዘንድሮ ከልጆች ክፍል ወጥታ ከእኔ ጋር መቀመጥ መጀመሯን ነው።

ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት አገጬን ይዛ ወደ ብርሃን ታዞረኝ ጀመር። ሰኞ ጠባሳዬን በጣቷ ዳሰሰች። ማክሰኞም። ረቡዕ ፀጉሯን ስሠራት ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ፤ ለካ እያለቀሰች ነው።

"እማዬ፣ ጠባሳው በእኔ ምክንያት ነው ያልለቀቀሽ" አለችኝ።

እሑድ ጠዋት ለእኔ ብላ ልትጾም ለእግዚአብሔር ቃል ገብታ ኖሯል። ርቧት ግን አባቷ ከላንቴ ካመጣው ሙዝ አንዱን ተደብቃ በላች።

ወይ ጉዴ! እኔ ፊቴ ላይ የተሸከምኩት አንሶ እሷ ደግሞ በልቧ ትሸከመው? ማበጠሪያውን አስቀምጬ ወደ እኔ አዞርኳት።

"ስሚኝ፣ በሙዙ አይደለም። እሑድ ምንም አልሞቀኝም። የዋሸሁት እኔ ነኝ።"

እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች። "ታዲያ ለምን ሞቀኝ አልሽ?"

"ደክሞኝ ነው" አልኳት። ይህን ለሰው ስናገር የመጀመሪያዬ ነበር።