ስም የወጣለት ሰርቨር

«በሬ ነው እንዴ እንዲህ የምታዝኚለት?» አለ ኢንጂነሩ።

«አዎ፣ በሬ ነው!» አለችው አጠገቤ የተቀመጠችው ልጅ። «ማሎ ኢንጂነር፣ ይመልሱልኝ።»

«ምኑን ልመልስልሽ እህቴ? ያውልሽ አዲሱ ሰርቨር። ካሮጌው በምን ያንሳል? ጉልበቱ ያው፣ ፍጥነቱ ያው።»

«አባ ኮ የታለ?»

«አባትሽማ ቤቱ ነው።»

ከኋላ የተቀመጡት ሳቁ። እሷ አልሳቀችም፤ አላለቀሰችምም። እጇ ኪቦርዱ ላይ እንዳለ አንገቷን ቀና አድርጋ አየችው።

«ድምፁ ነው የምልዎት።»

ይህ የሆነው ከሚሴ ውስጥ፣ በደሴ መንገድ ዳር፣ ከባጃጅ መለዋወጫ ሱቅ ጀርባ ባለች የቆርቆሮ ክፍል ነው። ክፍሏ ቀን ቀን እንደ ምድጃ ትግላለች። ቢሆንም በሩ ተዘግቶ ነበር የምንማረው፤ ከተከፈተ አቧራውና የሚኒባስ ረዳቶች «ኮምቦልቻ! ኮምቦልቻ! አንድ ሰው!» የሚሉት ጩኸት ይገባል። «በሩን ዝጉት» የኢንጂነሩ የዘወትር ቃል ነበር።

እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ ግጥም ከመጻፍ በቀር ሥራ ያልነበረኝ ጎረምሳ ነበርኩ። በሩ ላይ «ክላውድ ለጀማሪዎች» የሚል ወረቀት አይቼ ገባሁ። ኢንጂነሩ የከሚሴ ነጋዴ ልጅ ነው፤ አዲስ አበባ ተምሮ መጥቶ የሚያውቀውን ያካፍለን ነበር። ክፉ ሰው አልነበረም። የምንለማመድባቸውን ሰርቨሮች፣ ማለትም ሩቅ አገር ተቀምጠው በኢንተርኔት የሚታዘዙትን ኮምፒውተሮች፣ ከኪሱ እየከፈለ ነበር የሚያከራየን። ያናደደኝም ይሄው ነው፤ ክፉ ቢሆን ኖሮ ስቄበት እተወው ነበር።

በመጀመሪያው ቀን ስልኩን ከፍ አድርጎ አሳየንና፣ «ከዚህ ይጠፋል። ከፍላሽ ይጠፋል። ክላውድ ላይ፣ ደመናው ላይ የወጣ ግን አይጠፋም» አለን። አመንነው። ደመና ከአርጎባ ተራራ ተነሥቶ፣ ጠቁሮ፣ አጉረምርሞ፣ ጠብ ሳያደርግ ሲያልፍብን እያየን ያደግን ልጆች እንዴት እንዳመንን ዛሬም ይገርመኛል።

ትምህርቱን ግን ወደድኩት። ድሮ ሰርቨር የሚያቆም ሰው እዚህም እዚያም እየነካካ በእጁ ነበር የሚሠራው አሉ። አሁን ግን የምትፈልገውን በጽሑፍ ትገልጻለህ፤ ይህን ያህል ጉልበት ያለው፣ እዚህ ቦታ የሚቆም፣ ስሙ እንዲህ የሆነ አንድ ሰርቨር ይኑር ትላለህ። ከዚያ ጽሑፉን ታስፈጽመዋለህ፤ የተባለው ይሆናል። ዕድሜዬን ሙሉ የጻፍኩት ነገር ሆኖ አያውቅም። ስለ ዝናብ ጽፌ ዘንቦ፣ ስለ ሥራ ጽፌ ተቀጥሬ አላውቅም። እዚህ ግን «ይኑር» ብዬ ጻፍኩ፤ ኖረ። ማሽኑ ከመሥራቱ በፊት የሚሠራውን ይዘረዝርና «ልቀጥል?» ይላል፤ «የስ» ብለህ ትጽፍለታለህ። ሽማግሌ ሲመርቅ ሕዝቡ አሚን እንደሚለው ነው አልኩ በልቤ።

ሰርቨሩ ሲቆም ኢንጂነሩ «የፈለጋችሁትን ጫኑበት፤ የራሳችሁ ነው» አለን። እኔ ግጥም ጫንኩ። ልጅቱ የአባቷን ዘፈን ጫነች።

ልጅቱ የጨፋ ገበሬ ልጅ ናት። አባቷ ቦራ የሚባል በሬ ነበረው፤ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት። ማሽላ ሊዘራ ሲያርስ ይዘፍንለታል። አንድ ቀን ምሳ ይዛ ሄዳ ድንበሩ ላይ ቁጭ ብላ በስልኳ ቀዳችው። መኖ የጠፋ ጊዜ ቦራ ባቲ ተወስዶ ተሸጠ። ከዚያ ወዲህ አባትየው አልዘፈነም። ዝፈንልኝ ስትለው፣ «በሬው የት አለና? ለግድግዳ ልዝፈን?» አላት።

በጆሮ ማዳመጫዋ አሰምታኛለች። ዘፈኑ በኦሮምኛ ነው፤ ወደ አማርኛ ሳመጣው ግማሹ ይፈስብኛል፦

ቦራ ተራመድ እንጂ፣ ጨፋ ይጠብቅሃል፤
ስም አልባ አይደለህም፣ መሬቱ ያውቅሃል።

መካከል ላይ ያስለዋል። ማረሻው ድንጋይ ሲመታ ይሰማል። ይሰድባል፤ ድንጋዩን እንጂ በሬውን አይደለም። ከዚያ ይቀጥላል። ስልኳ ሞልቶባት ስለነበር፣ ደመና ላይ የወጣ አይጠፋም ተብላለችና፣ ከስልኳ አጠፋችው። ለሰርቨሯም በኮዱ፣ በምናስፈጽመው ጽሑፍ ውስጥ፣ ስም አወጣችለት፤ ቦራ አለችው።

በዚያ በክርክሩ ቀን ጠዋት ኢንጂነሩ ከኋላዋ ቆሞ ስክሪኗን አነበበ።

«ቦራ ማነው?»

«ሰርቨሬ።»

ሳቀና ወደ ሁላችን ዞረ። «ኢጆሌ፣ ስሙኝ! ሰርቨር ውሻ ወይም ድመት አይደለም፤ ስም አይወጣለትም። ሰርቨር የቀንድ ከብት ነው። ቁጥር ትሰጡታላችሁ። ከታመመ አታስታምሙትም፤ ታርዱትና ሌላ ትተካላችሁ። ዓለም የሚሠራው እንዲህ ነው።»

የየትኛው ዓለም ከብት ነው? ይህን ምሳሌ ያመጣው ፈረንጅ ላም አስሮ የሚያውቅ አይመስለኝም። እሱስ አያውቅም እንበል። ከቦርከና ወንዝ ማዶ ከብት ሲጠራ እየሰማ ያደገው ሰውዬ ግን እንዴት እንዳለ ይውጠዋል? ጨፋ ላይ ስም የሌለው በሬ የለም። ባቲ ገበያ ላይ የሚሸጥ ሰው እንኳ ገመዱን ሲያስረክብ ስሙን ለገዢው ይነግረዋል፤ ባዲሱ ቤት ሲጠሩት እንዲዞር። አባቷም ነግሮታል። ቤቱ ውስጥ ውሻ አስሮ፣ ውሻውን በስም ጠርቶ በሬን በቁጥር የሚቆጥር አገር ይኖር ይሆናል። ይኑር። የእሱን ተረት ግን እኛ ዘንድ አምጥቶ እንደ ሕግ ማንበብ ምን ይሉታል?

«ስሙን አጥፊና ሰባት በዪው» አላት።

ጻፈች። ማሽኑ የሚሠራውን ዘረዘረ። ከመካከሉ አንድ ቀይ መስመር ነበረበት።

«ኢንጂነር፣ ይቺ ቀይዋ ምንድናት?»

«ልማዱ ነው፤ ሁልጊዜ ይላል። የስ በዪ።»

አለች። ምን እንደተባለ ሳይነገራት አሚን አለች። ቀዩ መስመር ግን፣ ስሙ ስለተቀየረ አሮጌው ፈርሶ አዲስ ይሠራል የሚል ነበር። ቦራ ፈረሰ፤ ሰባት ተሠራ። ጉልበቱ ያው፣ ፍጥነቱ ያው፣ ሆዱ ባዶ። በኮዱ የተጻፈው ሁሉ ተመልሷል። ዘፈኑ ኮዱ ውስጥ አልተጻፈም፤ በእጅ የተጫነ ነበርና አብሮ ሄደ።

ክርክሩ የመጣው ከዚህ ነው።

«የመጀመሪያው ቀን አይጠፋም አላሉንም?» አልኩት እኔ።

«ገጣሚው ደግሞ መጣ! ሰርቨር ሌላ፣ የፋይል ማስቀመጫ ሌላ። ማስቀመጫውን በሚቀጥለው ሳምንት እንማረዋለን።»

«በሚቀጥለው ሳምንት?» አለች እሷ። «በሬውን ካሳረዱን በኋላ ነው ቢላዋው ስለት እንዳለው የሚነግሩን?»

«ቅጂ ያልያዝሽው አንቺ ነሽ።»

«ወላሂ፣ ቃልዎትን ነው የያዝኩት።»

የጠፋው አባቷ ለተሸጠው በሬያቸው የዘፈነው ዘፈን እንደሆነም ነገረችው። ኢንጂነሩ ላቡን ጠረገ። «እሺ በቃ። አባትሽ ደግሞ ይዝፈንልሻ። ሌላ በሬ የለውም?»

«አለው።»

«ታዲያ?»

«እሱ ቦራ አይደለም።»

በዚህ ጊዜ ከኋላ ማንም አልሳቀም። እኔ የሚሻል ነገር ያልኩ መስሎኝ፣ «ሁለት ስንኝ ይዣለሁ፤ የቀረውን እጽፍልሻለሁ» አልኳት። ዞር ብላ እንኳ አልተቆጣችኝም።

«አንተ የምትጽፈው ያንተን ነው። እኔ የምፈልገው የሱን ነው፤ ሳሉንም ጨምሮ።»

ማጥፋቱ አይደለም ያንገበገበኝ። ሰው ያጠፋል። «ይቅርታ፣ ቀዩን መስመር ላነብልሽ ይገባኝ ነበር» ቢላት፣ አውቃታለሁ፣ «አላህ ይተካው» ብላ ታልፈው ነበር። እሱ ግን ይህን አንዲት ቃል ነፈጋት። ፊቱን ወደ ግድግዳው መልሶ፣ «እንቀጥል፤ ቁጥር የምንሰጠው ለምንድነው?» አለ።

ልጅቱ ሻሿን አስተካከለች። ኮምፒውተሩን አላጠፋችም፤ ሰባት ቁጥር ስክሪኑ ላይ አረንጓዴ እየበራ ቀረ። ለሁላችን «አሰላሙ ዓለይኩም» አለችና ወጣች። በሩን ወለል አድርጋ ተወችው። አቧራው ገባ። «ኮምቦልቻ! አንድ ሰው!» የሚለውም ገባ።

«ገጣሚው፣ በሩን ዝጋው» አለ ኢንጂነሩ ሳይዞር።

ተነሣሁ። ወጣሁና ከውጭ ዘጋሁት።