አወዳደቅ

ሰው ሁሉ «አወዳደቄን አሳምርልኝ» ብሎ ይጸልያል፤ እኚህ አዛውንት ግን በየዓመቱ ይለማመዱታል። ከተማው በብርዱ ወር የጥንት ድሉን ሲያከብር፣ በአደባባዩ ትርኢት ላይ ተሸናፊ ወታደር ሆነው ከሚወድቁት አንዱ እሳቸው ናቸው። የተዋሱትን ካፖርት ቀዳዳ ራሳቸው ጠቅመውታል፤ ከሥሩ፣ የድንጋዩ ቅዝቃዜ እንዳይሰማቸው፣ ጀርባቸው ላይ ካርቶን አስረዋል። መድፉ ሲጮህ ወደቁ። ጭብጨባው ሲቀልጥ ሌሎቹ «ሙታን» እየሳቁ ተነሡ፤ እሳቸው እንደተንጋለሉ ቀሩ። እጃቸውን ይዤ አነሣኋቸው።

«አባባ፣ ወታደር ነበሩ እንዴ?» አልኳቸው።

«ኧረ እኔስ ልብስ ሰፊ ነኝ። ዘምቶ የቀረው ታናሽ ወንድሜ ነው።»

«እንዴት ሞተ?»

«ሲወድቅ ያየው የለም፣ ልጄ። አምና በግንባሬ ተደፋሁ፤ ዘንድሮ በጀርባዬ ሞከርኩት።»