የፈረንሳይ ገጠር መኪናዬ ውስጥ

«ማን ሞተ?» አሉኝ ጋሽ ታደሰ፣ ገና ቀበቶ ሳያስሩ።

ዛሬ ጠዋት ጎረቤቴን ጋሽ ታደሰን ላስ ቬጋስ ካለው ሰፈራችን ከሰንራይዝ ማነር ወደ ሐኪም ቤት ላደርሳቸው ነበር። የከፈትኩት የፊልም ማጀቢያ ነው፤ ኦርኬስትራው በፈረንሳይ ገጠር ያስጉዛል። ከወይን እርሻው ወጥቶ ጫካ ሲገባ ይከብዳል።

«ጋሼ፣ የፊልም ሙዚቃ እኮ ነው።»

«በእኛ ጊዜ ሬዲዮ ዘፈን ትቶ እንዲህ ያለውን ካሰማ፣ መንግሥት ተገልብጧል ማለት ነው።»

አዲስ አበባ ወንድማቸው ጋ ደወሉ። አያነሳም። ሙዚቃውን አጠፋሁት፤ ዝምታው ባሰ።

በአራተኛው ጥሪ አነሳ። «ደህና ነን። ምን ሰማችሁ?» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ከምሳ በፊት የገዛ እህቴ ከአዲስ አበባ ደወለች፦ «ቬጋስ ያለ ሰው የሆነ ነገር ሰምቷል ይባላል፤ እውነት ነው?»

ሙዚቃውን የከፈትኩት እኔ ነኝ። ቢሆንም ዜና ቼክ አደረግሁ።

እናንተንስ ምን ዓይነት ሙዚቃ ነው አገር ቤት የሚያስደውላችሁ?